የዋይፋዩን ስም ብቻ አይታችሁ አትግቡ

አገር ቤት ለመሄድ ሻንጣ ስትመዝኑና የልጆቹን ፓስፖርት ስትቆጥሩ ስልካችሁንም አስቡበት። ባንካችሁ፣ ኢሜይላችሁ፣ ቴሌግራማችሁ፣ የቤተሰብ ፎቶው ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። ትራንዚት ላይ አምስት ስድስት ሰዓት ስትቀመጡ ደግሞ ልጆቹ «ዋይፋይ የለም?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ብዙዎቻችን «ነፃ» የሚል ስም ካየን ማንንም ሳንጠይቅ ነው የምንገባው።

እኔ ምግብ ቤት አለኝ፤ ለደንበኞቼም ዋይፋይ አስገብቻለሁ። ስሙን ያወጣሁለት እኔው ነኝ። ነገ የኤርፖርት ስም ልስጠው ብል የሚያግደኝ ማሽን የለም። ጥግ ላይ ቡና የሚጠጣ ሰውም ከስልኩ በእኔ ምግብ ቤት ስም ዋይፋይ መክፈት ይችላል። ስለዚህ የምታዩት ስም ታፔላ ነው እንጂ የባለቤቱ መታወቂያ አይደለም።

ይህ ደግሞ በእውን የተደረገ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፖሊስ አንድ ሰው ከሰሰ። ነገሩ የተነቃው የአንድ አየር መንገድ ሠራተኞች በረራ ላይ አጠራጣሪ ዋይፋይ አይተው ስለጠቆሙ ነው። ፖሊስ እንዳለው ሰውየው እውነተኛውን የሚመስል ስም ይሰጥና፣ የገባውን ሰው ኢሜይሉን ወይም የሶሻል ሚዲያ ፓስወርዱን ወደሚጠይቅ ገጽ ይወስደዋል። በፐርዝ፣ በሜልቦርንና በአደላይድ ኤርፖርቶችም ይህንኑ ማድረጉን ፖሊስ ገልጿል።

ልብ በሉ፤ እንዲህ ያለው ሌባ ስልክ አይሰብርም። ፓስወርዱን ጽፈው የሚሰጡት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽና የባንክ አፕ የምትልኩትን መረጃ መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነበው ይቆልፈዋል። ስለዚህ ዋይፋይ በሰማችሁ ቁጥር አትደንግጡ፤ መጀመሪያ የሚከፈተውን ገጽ ግን በደንብ ተመልከቱ። ስም ወይም የሆቴል ክፍል ቁጥር ቢጠይቅ የተለመደ ነው። የጂሜይል ወይም የፌስቡክ ፓስወርድ ከጠየቀ ግን ዘግታችሁ ውጡ። ስልኩ «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» ካለም አልፋችሁ አትሂዱ።

ከመግባታችሁ በፊት የሆቴሉን ወይም የካፌውን ሠራተኛ «የዋይፋያችሁ ትክክለኛ ስም ማነው?» በሉ። እኛ ባለቤቶች ብንጠየቅ ደስ ይለናል እንጂ አንቆጣም። ባንክ ለመክፈትና ገንዘብ ለመላክ የራሳችሁን የሞባይል ዳታ ተጠቀሙ። የማያስቸኩል ሒሳብ ኤርፖርት ወንበር ላይ ሆኖ ማየት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ስልክ ደግሞ አንዴ የገባበትን ስም ስለሚያስታውስ፣ ያው ስም ሌላ ቦታ ሲገኝ እናንተ ሳታውቁ ሊገባ ይችላል። ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ዋይፋዩን ከስልኩ አጥፉት፤ በራሱ እንዲገባ የሚያደርገውንም ዝጉት። የልጆቹን ታብሌት አትርሱ።

ከመነሳታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡና ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ክፈቱ። ዋትሳፕም አለው። በቴክስት የሚመጣላችሁን የመግቢያ ኮድ ለማንም አትስጡ፤ ዘመድ ነኝ ቢላችሁም። ቴሌግራማችሁን የወሰደ ሰው በእናንተ ስም ለእናታችሁ «ቸግሮኛል፣ ቶሎ ላኪልኝ» ብሎ ሊጽፍ ይችላልና።

ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። አባባና እማማ ገጹ የተጻፈበትን ቋንቋ እንደ እናንተ ላያነቡ ይችላሉ። «ምን ይላል?» ሲሏችሁ ቶሎ «ኦኬ» ከመጫን በፊት አንብባችሁ ንገሯቸው። እናንተም ፓስወርድ የሚጠይቅ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ አሳዩአቸው።

አጠራጣሪ ገጽ ላይ ፓስወርድ ጽፋችሁ ከሆነ ደግሞ ማፈር አያስፈልግም። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ነውና ከዋይፋዩ ውጡ፤ በራሳችሁ ዳታ ፓስወርዱን ቀይሩ፤ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ገብቶ እንደሆነ አይታችሁ አስወጡ። ከባንክ ጋር የተያያዘ ከሆነ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሉ። ለቤተሰብም «በስሜ ብር የሚጠይቅ ካለ፣ ድምፄን ሳትሰሙ እንዳትልኩ» በሏቸው። መልካም መንገድ!