ምናባዊ የቤት እንስሳትና ትምህርት፦ የአንድ የኢንተርኔት ጨዋታ ምርመራ

መግቢያ

ሕፃናት በጨዋታ አማካይነት እንደሚማሩ የትምህርት ባለሙያዎች በአብዛኛው ይስማማሉ። አከራካሪው ጉዳይ ከየትኛው ጨዋታ ምን ዓይነት ዕውቀት ይገኛል የሚለው ነው። በአገራችን ልጆች ዕቃቃ ሲጫወቱ የቤተሰብን ኑሮ፣ ገበጣ ሲጫወቱ ደግሞ ቆጠራንና አርቆ ማሰብን ይለማመዳሉ። የእነዚህን ጨዋታዎች ጠባይ መምህሩ ራሱ በልጅነቱ ስለተጫወታቸው ያውቀዋል። ኮምፒዩተር ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን መምህሩ ከቶ ባልተጫወታቸው ጨዋታዎች ላይ ፍርድ እንዲሰጥ ይገደዳል። አንዳንዱ ጨዋታ መሆኑን ብቻ ተመልክቶ ይከለክላል፤ ሌላው ደግሞ ኮምፒዩተር መሆኑን ብቻ ተመልክቶ ያደንቃል። ሁለቱም ፍርዶች ያለ ምርመራ የተሰጡ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ኒዮፔትስ» የተባለውን፣ በኢንተርኔት ማሰሻ አማካይነት ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚጫወቱትን የምናባዊ የቤት እንስሳት ጨዋታ በምሳሌነት ወስዶ አሠራሩን ማብራራት፣ ትምህርታዊ ጥቅሙ ከየት እንደሚመነጭ ማሳየትና ጥንቃቄ የሚሹትን ነጥቦች ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የጨዋታው አመጣጥ

ምናባዊ የቤት እንስሳ ማለት በመሣሪያ መስኮት ላይ በሥዕል የሚታይ፣ እንደሚራብና እንደሚደሰት ተደርጎ የተሠራ፣ ባለቤቱ በየጊዜው እንዲንከባከበው የሚጠይቅ የጨዋታ ፍጡር ነው። ሐሳቡ በዓለም ዙሪያ የታወቀው በ1996 ባንዳይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ታማጎቺ» የተሰኘችውን የእንቁላል ቅርፅ ያላት ትንሽ መሣሪያ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ነበር። በታማጎቺ ውስጥ ያለው ፍጡር ለሰዓታት ከተዘነጋ ይሞታል። ከዚህም የተነሣ ልጆች መሣሪያዋን ወደ ክፍል ይዘው በመግባታቸውና በትምህርት መካከል በመነካካታቸው በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከግቢያቸው አግደዋት ነበር።

ኒዮፔትስ የተከፈተው ኅዳር 1999 ሲሆን፣ የጀመሩት አዳም ፓወልና ዶና ዊልያምስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። ጨዋታው ከታማጎቺ በሁለት መሠረታዊ ነገሮች ይለያል። አንደኛ፣ እንስሳው ቢራብም አይሞትም። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ ብቻውን አይደለም፤ እርሱና ሌሎች ተጫዋቾች «ኒዮፒያ» በተባለች አንዲት ምናባዊ አገር ውስጥ ይገናኛሉ፤ ይገበያያሉ፤ ይጻጻፋሉ። እንደሚታየው፣ ከትምህርት አንፃር የላቀ ክብደት ያለው ይህ ሁለተኛው ልዩነት ነው።

2. ጨዋታውን ለመሞከር የሚነሣ ሰው የሚያጋጥመው

ጨዋታውን የሚሞክር መምህር በመጀመሪያ የመጠሪያ ስም መርጦ ይመዘገባል። ቀጥሎም ከሃምሳ ከሚበልጡ የእንስሳት ዝርያዎች አንዱን ይመርጥና ስም ያወጣለታል። አንድ ስም ለአንድ እንስሳ ብቻ ስለሚሰጥና ቀላል ስሞች ቀደም ብለው ስለተያዙ ስም ማውጣቱ ራሱ ከታሰበው በላይ ጊዜ ይወስዳል። እንስሳው ከተገኘ በኋላ የሚታየው ገጽ የረሃቡን መጠንና ስሜቱን በቃላት ያስነብባል። የረሃቡ መግለጫ ከጥጋብ አንሥቶ ደረጃ በደረጃ እየወረደ እስከ ሞት አፋፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ግን አያልፍም።

ምግብ ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል። የአገሩ ገንዘብ «ኒዮፖይንት» ይባላል፤ ዋነኛ መገኛውም ትንንሽ ጨዋታዎችን መጫወት ነው። ከብዙዎቹ ጨዋታዎች የሚገኘው ውጤት በገንዘብ የሚመነዘረው በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ለጀማሪውና ለድኻው የሚሆን ድጋፍም አለ። ከአንድ ግዙፍ የእንቁላል ጥብስ ላይ በቀን አንድ ጊዜ ቁራሽ መውሰድ ይቻላል፤ ጥሪቱ ከ3,000 ኒዮፖይንት በታች የሆነ ሰውም እንስሳውን በነፃ የሾርባ ቤት ሊመግብ ይችላል። ለተወሰኑ ቀናት የማይመለስ ተጫዋች እንስሳውን በኪራይ ወደሚያሳድር ማረፊያ ቤት ሊያስገባው ይችላል፤ እንክብካቤው የቸገረው ደግሞ ለማደጎ ቤት ሰጥቶ ሌላ ሰው እንዲያሳድገው ማድረግ ይችላል።

ጥቂት ቀናት የሞከረ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። እንስሳውን የመመገቡ ሥራ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ የቀረውን ጊዜ የሚወስዱት ማግኘት፣ መቆጠብ፣ መግዛትና መሸጥ ናቸው። እንስሳው ወደ ገበያው የሚያስገባ በር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይህ ግንዛቤ ለእኛ አገር መምህራን ልዩ ትርጉም አለው። ጥጃና ፍየል ሲጠብቅ ያደገ የገጠር ልጅ እንክብካቤን ከምናባዊ እንስሳ የሚማርበት ምክንያት የለም። የእርሱ ጥጃ ከተዘነጋ በእርግጥ ይሞታል፤ ኃላፊነትንም ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር መሣሪያ አይገኝም። ስለሆነም ጨዋታው «ልጆችን ርኅራኄ ያስተምራል» የሚለው የተለመደ ምስጋና ጥቅሙን ከዋናው ሥፍራ ያርቀዋል። ጥቅሙ ቀጥሎ በሚዘረዘሩት ሁለት ነገሮች፣ ማለትም በገበያውና በጽሑፍ ሥራው ዘንድ ሊፈለግ ይገባል።

3. ከገበያው የሚገኝ ትምህርት

በኒዮፒያ ሁለት ዓይነት ሱቆች አሉ። የመጀመሪያዎቹ የጨዋታው የራሱ ሱቆች ናቸው፤ ዕቃ የሚገባባቸው አስቀድሞ በማይታወቅ ሰዓት ሲሆን፣ ገዢው ዋጋ ሲያቀርብ ባለሱቁ ሊቀበል ወይም ሊከራከር ይችላል። ሁለተኛዎቹ ተጫዋቾች ራሳቸው የሚከፍቷቸው ሱቆች ናቸው። እዚህ ዋጋ የሚተምነው ባለሱቁ ተጫዋች ነው። ገዢው ደግሞ በሱቆቹ መካከል ያለውን ዋጋ የሚያነጻጽር የፍለጋ አገልግሎት ስላለው ዋጋውን ያለ አግባብ የሰቀለ ልጅ ዕቃው ሳይሸጥ ይቀራል። ፍላጎትና አቅርቦት በዋጋ ላይ ያላቸውን ተፅዕኖ ልጁ በቃል አጥንቶ ሳይሆን ዕቃው ሳይነሣ ሲቀር ይረዳዋል።

ባንኩም እንዲሁ ነው። ተቀማጩ ከፍ ባለ መጠን የዓመታዊ ወለዱ ምጣኔ ከፍ ይላል፤ የዕለቱን ወለድ ለማግኘት ግን ተጫዋቹ በየቀኑ መጥቶ መውሰድ አለበት። ከዚህ ላይ የሒሳብ መምህር ብዙ ጥያቄዎችን ሊያወጣ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ተማሪ 73,000 ቢኖረውና የዓመቱ ወለድ 10 በመቶ ቢሆን፣ የዓመቱ ወለድ 7,300፣ በ365 ቀናት ሲካፈል የዕለቱ 20 ይሆናል። በዓመቱ ውስጥ 30 ቀን ሳይመጣ ቢቀር ስንት ያጣል? የሚወስደውን ወለድ በየዕለቱ መልሶ ቢያስቀምጥስ ድምሩ እንዴት ይለወጣል? የመቶኛ ሒሳብ ይሰለቸው የነበረ ተማሪ ጥያቄው የራሱን ጥሪት የሚመለከት ሲሆን በሌላ መንፈስ ይቀርበዋል።

የአክሲዮን ገበያም አለ። ተጫዋቹ በቀን ከ1,000 አክሲዮን በላይ መግዛት አይፈቀድለትም፤ ዋጋቸው ከ15 ኒዮፖይንት በታች የሆኑትንም መግዛት አይችልም። ለምን እንዲህ ያለ ገደብ ተደረገ የሚለው ጥያቄ ለከፍተኛ ክፍሎች የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት መልካም መነሻ ነው። ከዚህም የጠለቀ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ኒዮፖይንት ወደ አገሩ የሚገባው በጨዋታ ሽልማትና በወለድ ነው፤ የሚወጣው ደግሞ የጨዋታው የራሱ ሱቆችና አገልግሎቶች በሚሰበስቡት ክፍያ ነው። ተጫዋቾች እርስ በርስ ሲገበያዩ ገንዘቡ እጅ ይለውጣል እንጂ አይጨምርም አይቀንስምም። እንግዲህ የሚገባው ከሚወጣው ቢበልጥና ብርቅ የሆኑት ዕቃዎች ቁጥር ባይጨምር ዋጋቸው ወዴት ይሄዳል? የዋጋ ንረት ምን እንደሆነ በዚህ መንገድ ማስረዳት ትርጓሜውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቃል።

4. ከጽሑፍ ሥራው የሚገኝ ትምህርት

ሁለተኛው የጥቅም ምንጭ ተጫዋቹ ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ገጽ ሊኖረው ይችላል። ገጹን ለማስጌጥና የሱቁን መልክ ለማሳመር ተጫዋቹ ኤች ቲ ኤም ኤል የተባለውን የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ መጠቀም አለበት፤ ጨዋታውም ለጀማሪዎች የሚሆን መመሪያ አዘጋጅቷል። በኋላ በኮምፒዩተር ሙያ የተሰማሩ በርካታ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ የመጀመሪያውን የኮድ ትምህርት ያገኙት የእንስሳቸውን ገጽ ለማስጌጥ ሲጥሩ እንደነበር ተናግረዋል።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ቅደም ተከተልን የሚመለከት ነው። በተለመደው አቀራረብ ተማሪው አስቀድሞ ሕጉን ይማራል፤ ጥቅሙን የሚያየው ኋላ ነው፤ ያም ካየው። እዚህ ግን ፍላጎቱ ይቀድማል፤ ሕጉ ፍላጎቱን ለመፈጸም ይፈለጋል። አንዲት ምልክት ብትጎድል ገጹ ስለሚበላሽ ተማሪው ስሕተቱን ያለ ነቃሽ አይቶ ራሱ ያርመዋል። ለእንስሳው የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ልጅም አንባቢ እንዳለው ያውቃል፤ ለመምህሩ ቀይ እስክሪፕቶ ብቻ ከተጻፈ ድርሰት የተለየ ጥንቃቄም ያደርጋል።

5. ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

ከላይ የተዘረዘሩት ጥቅሞች በጨዋታው ውስጥ ያሉ ቢሆኑም ከጨዋታው በራሳቸው አይፈልቁም። አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዱዊ በ1938 ባሳተመው «ልምድና ትምህርት» በተሰኘው መጽሐፉ ልምድ ሁሉ በእኩል ደረጃ አስተማሪ እንዳልሆነ አስረድቷል። ስለሆነም የሚከተሉት አራት ነጥቦች ሊታሰቡ ይገባል።

ሀ. በየቀኑ የመመለስ ግዴታ። የዕለቱ ወለድ፣ የዕለቱ ነፃ ምግብና የእንስሳው ረሃብ ሁሉም ልጁን ነገ እንዲመለስ ይጠሩታል። ይህ አሠራር የዘወትር ትጋትን ሊያለማምድ ይችላል፤ ያለ ዓላማ የመመላለስ ሱስንም ሊተክል ይችላል። ከሁለቱ አንዱን የሚወስነው ልጁ ለምን እንደተመለሰ ራሱን መጠየቁ ነው።

ለ. ማስታወቂያና የዕድል ጨዋታ። ጨዋታው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከገቢው ብዙውን ያገኝ የነበረው የንግድ ድርጅቶችን ምርቶች በጨዋታው ታሪክና ውድድር ውስጥ በማስገባት ነበር። ሕፃኑ በዚህ ጊዜ ማስታወቂያ እየተመለከተ መሆኑን አያውቅም። በአገሩ ውስጥም የሚፋቅ ሎተሪና የዕድል መንኮራኩር ይገኛሉ። ሁለቱም ስለ ዕድል ስሌት ለማስተማር መነሻ የሚሆኑት መምህሩ ካለ ብቻ ነው።

ሐ. የሕፃናት መረጃ ጥበቃ። በዩናይትድ ስቴትስ በ1998 ወጥቶ በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የሕፃናት መረጃ ጥበቃ ሕግ ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን የግል መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ በሐምሌ 2022 የጨዋታው የአባላት መዝገብ ተሰርቆ ለሽያጭ መቅረቡ ታውቋል፤ መጠኑም ወደ 69 ሚሊዮን አባላትን የሚመለከት እንደሆነ ተዘግቧል። ተማሪ በእውነተኛ ስሙ፣ በልደት ቀኑና በቤተሰቡ አድራሻ እንዳይመዘገብ መከላከል የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።

መ. የመሣሪያው አለመዝለቅ። ጨዋታው በ2005 ቫያኮም ለተባለ ኩባንያ በ160 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2014 እንደገና ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ፤ በ2023 ደግሞ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። በዚህ መካከል ብዙዎቹ ትንንሽ ጨዋታዎች የተሠሩበት ፍላሽ የተባለው ቴክኖሎጂ በ2020 መጨረሻ በመቋረጡ በርካታ ክፍሎቹ ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። በአንድ ኩባንያ ጨዋታ ላይ የተመሠረተ ሥርዓተ ትምህርት ከኩባንያው ጋር ይወድቃል።

6. በክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ለማዋል

የመጨረሻው ነጥብ ወደ ዋናው መደምደሚያ ይመራል። ትምህርት ቤት ከጨዋታው ሊወስድ የሚገባው መሣሪያውን ሳይሆን መርሑን ነው። መርሑ ደግሞ ኮምፒዩተር ለሌለው ትምህርት ቤትም ይሠራል።

ብዙ ተማሪዎች ያሉበት ክፍል አምስት አምስት እየሆነ በቡድን ይከፈል። እያንዳንዱ ቡድን በወረቀት ላይ አንድ ምናባዊ እንስሳ ይሣል፤ ስም ያውጣለት፤ ጠባዩንና አመጋገቡን በአንድ ገጽ ይግለጽ። መምህሩ ከወረቀት ገንዘብ ቆርጦ ለየቡድኑ እኩል ያከፋፍል። አንዱ ቡድን ባንክ፣ ሌላው መኖ ሻጭ ይሁን፤ የቀሩት ገዢዎችና ቆጣቢዎች ይሁኑ። የገበያው ቀን በሳምንት አንድ ጊዜ ይደረግ። ቡድኖቹ ገቢና ወጪያቸውን በመዝገብ ያስፍሩ። በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ የወረቀቱን ገንዘብ እጥፍ አድርጎ፣ መኖውን ግን ሳይጨምር ያከፋፍል። በአራተኛው ሳምንት ዋጋው ምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ከመዝገባቸው አውጥተው ምክንያቱን ይጻፉ።

በምዘና ጊዜ ትልቁን ነጥብ ማግኘት የሚገባው ብዙ ገንዘብ ያከማቸው ቡድን አይደለም። ለምን እንደገዛ፣ ለምን እንደሸጠና የት ላይ እንደተሳሳተ በግልጽ ማስረዳት የቻለው ቡድን ነው። ኮምፒዩተር ያላቸው ትምህርት ቤቶች ጨዋታውን በራሱ ቢሞክሩም ይኸው የምዘና ደንብ ሊጠበቅ ይገባል።

መደምደሚያ

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች አዲስ መሣሪያ ሲቀርብላቸው «ልጆች ይወዱታል ወይ?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ ግን አይበቃም። ተከትሎ ሊመጣ የሚገባው ጥያቄ «ልጁ በመሣሪያው ምን ሥራ ይሠራል? ስለሠራውስ ማን ይጠይቀዋል?» የሚል ነው። ኒዮፔትስ ሱቅ ከፍተው የነገዱ፣ ባንክ ገብተው የቆጠቡ፣ ገጽ ጽፈው ያስነበቡ ልጆችን አፍርቷል፤ እንስሳ መግበው ብቻ የወጡ ልጆችንም አፍርቷል። ጨዋታው ለሁለቱም አንድ ነበር። የተለያየው የሠሩት ሥራና በአጠገባቸው የነበረው ጠያቂ ነው፤ ያን ጠያቂ ወደ ክፍል ማቅረብ ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ሳይሆን ከመምህሩ የሚጠበቅ ተግባር ነው።