ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት

ቤታችን ውስጥ በሽታውን ቀድመው ያገኙት ጉንዳኖች ናቸው። ውሻችን ቡቺ የሸናችበት የግቢው ሲሚንቶ ላይ ጠዋት ጠዋት ጥቁር መስመር ሠርተው ይሰበሰቡ ነበር። እኛ ያየነው ሌላ ሌላውን ነው፤ ለልብስ ማለቅለቂያ የተቀዳ ሳፋ ውኃ ስታጋምስ፣ ሌሊት በር እየቧጠጠች ስትቀሰቅሰን፣ ደህና እየበላች ጎኗ ሲገባ። 9 ዓመት ሆኗት ስለነበር እርጅና ነው ብለን ተውነው። ነገሩ የገባት ራሷ ስኳር ያለባት እናቴ ናት። ጉንዳኑን ቆማ አየችና "ይቺ ልጅ የኔን በሽታ ይዛለች" አለች።

እውነቷን ነበር። ቆሽት የሚባለው ከጨጓራ ሥር ያለ ትንሽ አካል ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊን ደግሞ በደም የመጣውን ስኳር ወደ ሕዋሳት የሚያስገባ በር ከፋች ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ደሙ በስኳር ይሞላል፣ ሕዋሳቱ ግን ይራባሉ። ስለዚህ እንስሳዋ እየበላች ትከሳለች። የጤነኛ ውሻ የደም ስኳር ሳትበላ ሲለካ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ወደ 200 ሲጠጋ ኩላሊት መያዝ ያቅተውና ስኳሩ ወደ ሽንት ይፈሳል፤ ሲፈስም ውኃ አስከትሎ ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ውሻዋ ውኃ ስላበዛች አይደለም የምትሸናው፤ ስለሸናች ነው የምትጠጣው። ምንጣፍ እንዳታበላሽ ብሎ ውኃ መከልከል ሰውነቷን አድርቆ ሊገድላት ይችላል። ሳፋው ይሙላ።

ለምን ቡቺን ያዛት? ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው መምከኗን ነበር፤ አልመከነችም። ሴት ውሻ ስሜቷ ከመጣ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰውነቷ የሚያመነጨው ፕሮጄስትሮን የኢንሱሊንን ሥራ ይከላከላል። ስለዚህ ሐኪሙ ማምከንን የሕክምናው አካል አድርጎ ሲያነሳ ሌላ ወጪ ሊያስወጣን ነው ብላችሁ አትጠርጥሩት። ድመት ላይ መንገዱ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው የወፈረችውን፣ ከቤት የማትወጣውን ነው፤ በጊዜ ኢንሱሊን ከተጀመረላትና ምግቧ ከተስተካከለ አንዳንዷ መርፌውን እስከ መተው ትደርሳለች። ውሻ ግን እንደ ደንቡ ዕድሜ ልኩን ይወጋል። ሰዎች የሚውጡት የስኳር ኪኒን ለውሻ አይሠራም፤ መዋጥ ያለበት እውነት ይኸ ነው።

እናቴ ክሊኒኩ ውስጥ "ዶክተር፣ የኔን መርፌ ብንካፈልስ?" ብላ ጠየቀች።

"ኢንሱሊኑ ሊሆን ይችላል እማማ። መጠኑን እኔ ሳልነግርዎት ግን አንዲት ጠብታ እንዳይሰጧት" አላት።

ምክንያቱን ሲሪንጁን በማየት መረዳት ይቻላል። ከሰው ፋርማሲ የሚገዛው የተለመደው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት አለው። ለእንስሳት ተብለው ከተሠሩት ውስጥ 40 ዩኒት ብቻ ያላቸው አሉ። ሲሪንጆቹም እንደዚያው ባለ 100 እና ባለ 40 ናቸው፤ ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ። ባለ 100ውን ኢንሱሊን በባለ 40 ሲሪንጅ 10 የሚለው መስመር ድረስ ከሳባችሁ፣ የገባው 10 ሳይሆን 25 ዩኒት ነው። ለብዙ ውሾች ሕክምናው የሚጀመረው በኪሎ ሩብ ዩኒት አካባቢ ነው፤ 20 ኪሎ ለምትመዝን ውሻ 5 ዩኒት ማለት ነው። 25 ምን እንደሚያደርጋት አስቡት። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥርና ሲሪንጁ ላይ ያለውን ቁጥር በየጊዜው አስተያዩ፤ ካልገጠሙ አትውጉ።

ስለ ኢንሱሊኑ ምንጭም ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የውሻና የአሳማ ኢንሱሊን አንድ ናቸው፣ የአንዲት አሚኖ አሲድ እንኳ ልዩነት የላቸውም። ለውሻ ከተሠሩት አንዱ ከአሳማ ቆሽት የሚወጣው ለዚህ ነው። ቤታችሁ ይህን የማይቀበል ከሆነ አትሸማቀቁ፣ ለሐኪሙ ንገሩት፤ በላቦራቶሪ የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለ።

"ለውሻ ደግሞ የምን ኢንሱሊን?" የሚል ዘመድ አይጠፋም። እኔ እንዲህ ለሚለኝ የምነግረው ታሪክ አለኝ። በ1889 እ.ኤ.አ. ስትራስቡርግ ውስጥ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የአንድ ውሻ ቆሽት አወጡ፤ ውሻው ያለ ልክ መሽናት ጀመረ፣ ሽንቱም ስኳር ያለበት ሆኖ ተገኘ። በሽታው ከቆሽት እንደሚነሳ የታወቀው በዚያ ነው። በ1921 ቶሮንቶ ላይ ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ተመራማሪዎች ከቆሽት የጨመቁትን መድኃኒት የሞከሩት በውሾች ላይ ነበር። ማርጆሪ ያሏት አንዷ ቆሽቷ ወጥቶ ሳለ በዚያ መድኃኒት ከሁለት ወር በላይ ኖረች። በጥር 1922 የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን በኢንሱሊን ከታከሙ ሰዎች የመጀመሪያው ሆነ። እናቴ በየቀኑ የምትወጋው መድኃኒት በነዚያ ውሾች በኩል ነው የመጣላት። ይህን ስነግራት ዝም አለች፤ ከዚያ በኋላ የቡቺን መርፌ ራሷ ያዘች።

መወጋቱ ከሚፈራው በጣም ይቀላል። ቡቺ ሳህኗ ላይ አጎንብሳ ስትበላ እናቴ ትከሻዋ አካባቢ ያለውን ልል ቆዳ በሁለት ጣት እንደ ድንኳን ታነሳለች፣ ቀጭኗን መርፌ ሥሩ ታስገባለች፣ ትገፋለች፣ ታወጣለች። ቡቺ ቀናም አትል። ቦታው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቀያየራል፣ አለዚያ ቆዳው ይጠጥራል። ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይገባም፤ አንዴ ከረጋ አይሠራም።

የሚከብደው ሰዓቱ ነው። መርፌው በየ12 ሰዓቱ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 እና ማታ 1፣ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ አይረሳም። ከመርፌው ጋር የሚሄደው ምግብ ደግሞ ዓይነቱም መጠኑም ከቀን ቀን መለዋወጥ የለበትም። በኛ አገር ውሻ የሚበላው ቤቱ የበላውን ነው፤ በጾም የሽሮ ፍርፋሪ፣ በፋሲካ ማግስት ስብና አጥንት። ለስኳር ሕመምተኛ ውሻ ከዚህ የባሰ የለም። ድንገተኛ ስብ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳል። ሐኪሙ የወሰነላትን ምግብ ብቻ፣ በዓልም ቢሆን።

በጣም የምፈራው የስኳር መብዛትን ሳይሆን ድንገት መውረዱን ነው። ሳትበላ ከተወጋች፣ ወይም ሁለት ሰው ሳይነጋገር ሁለት ጊዜ ከወጋት፣ መጀመሪያ ትፈዛለች፣ እግሯ ይወለካከፋል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ እንደሚጥል በሽታ ትወድቃለች። መዋጥ ከቻለች ምግብ ስጧት። ካልቻለች ድዷ ላይ ማር ቀቡ፣ አፏ ውስጥ ግን አታፍስሱ፣ ሳንባዋ ይገባል። ከዚያ ወደ ሐኪም። "ስኳር የለውም" ተብሎ የሚሸጠውን ማጣፈጫና ማስቲካ ከቤት አርቁ፤ ውስጡ ዛይሊቶል ካለ ውሻን ይገድላል። አንድ ቀን ሙሉ ምግብ እምቢ ካለችና ካስመለሳት እስከ ነገ አትጠብቁ፤ ደሟ ኪቶን በሚባል አሲድ እየተመረዘ ሊሆን ይችላል።

ዓይኗም ይነገራችሁ። ስኳር በያዘው አብዛኛው ውሻ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያው ዓመት፣ የዓይን ሞራ ይጥላል። ቡቺም አሁን በደንብ አታይም፤ ግቢውን ግን በአፍንጫዋ ታውቀዋለች፣ የሳፋውን ቦታም አንቀያይርም።

ፍሪጁ ላይ የተለጠፈ የደብተር ወረቀት አለ። ቀን፣ ሰዓት፣ በላች ወይስ አልበላችም፣ ስንት ዩኒት፣ ማን ወጋ። ለቅሶ ስንሄድ የምትወጋት ጎረቤታችንም እዚያው ትጽፋለች። መርፌው መግባቱን የተጠራጠረ ሰው አይደግምም፣ "አላወቅሁም" ብሎ ይጽፍና እስከሚቀጥለው ሰዓት ይጠብቃል። ባለፈው የፋሲካ ዕለት እናቴ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድራ፣ ገድፋ፣ እንቅልፏን ሳትጨርስ ተነሥታለች። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ፣ በተንጋደደ እጅ ጽሑፏ፣ "ጠዋት 1። በላች። 5። እኔ" ይላል።