ለኃይለኛ አውቶሞቢል የሚሆን ጎማ እንዴት ይመረጣል?

ስለ ፈጣን አውቶሞቢሎች ሲነሣ ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘነብለው ወደ ሞተሩ ነው። ስንት ሲሊንደር አለው? ስንት የፈረስ ጉልበት ያወጣል? ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? ይሁን እንጂ ሞተሩ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ አውቶሞቢሉን ወደፊት የሚገፋው፣ በመታጠፊያ ላይ የሚይዘውና በፍሬን ጊዜ የሚያቆመው ኃይል በሙሉ የሚተላለፈው ጎማዎቹ መንገዱን በሚነኩባቸው አራት ቦታዎች ብቻ ነው። እያንዳንዱ የንክኪ ቦታ ስፋቱ ከአንድ ጎልማሳ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ ብዙም አይበልጥም።

ነገሩን በቁጥር ለማየት እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 የተመረተውን ሸቭሮሌት ኮርቬት ዜድ 06 እንውሰድ። ሞተሩ 650 የፈረስ ጉልበት ወይም 485 ኪሎ ዋት ያህል ያመነጫል፤ ክብደቱ 1,600 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን የሚገፋው በኋላ እግሮቹ ነው። ከሞተሩ አቅም 15 በመቶው ወደ ጎማ ሳይደርስ በማርሽና በዘንጎች ይባክናል፣ መኪናው ተፈትልኮ ሲነሣ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ክብደት በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል ብለን እናስብ። የሰበቃው ቁጥር 1.1 ቢሆን፣ ማለትም ጎማው ከተጫነው ክብደት 1.1 እጥፍ የሚሆን አግድም ኃይል መሸከም ቢችል፣ ስሌቱ የሚነግረን በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪደረስ ድረስ፣ ተስማሚ ማርሽ ከገባ፣ ሞተሩ ጎማውን እያሸነፈ በባዶ ሊያሽከረክረው እንደሚችል ነው። ስለዚህ በተራ መንገድ ላይ በሚፈቀዱት ፍጥነቶች ሁሉ ወሰን የሚያበጀው ጎማው እንጂ ሞተሩ አይደለም።

በፍሬን ጊዜ ያለው ልዩነት ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አውቶሞቢል የሰበቃው ቁጥር 1.1 ከሆነ 36 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል። ቁጥሩ ወደ 0.7 ከወረደ 56 ሜትር ያስፈልገዋል። የ20 ሜትር ልዩነት ለጆሮ ቀላል ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መኪና ፈጽሞ በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየበረረ ያልፋል። ስሌቱን አንባቢያን ራሳቸው እንዲሠሩት እንጋብዛለን፤ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ይበቃዋል።

ላስቲክ ለምን ይቆነጥጣል?

በቋንቋችን ቁሱም ከቁሱ የተሠራውም ዕቃ «ጎማ» ስለሚባሉ፣ እንዳይምታታብን በዚህ ጽሑፍ ቁሱን «ላስቲክ» እንለዋለን።

በትምህርት ቤት የተማርነው የሰበቃ ሕግ የሰበቃ ኃይል ከጫናው ጋር በእኩል መጠን እንደሚያድግና በንክኪው ስፋት ላይ እንደማይመሠረት ይነግረናል። ይህ ሕግ ለእንጨትና ለብረት በመጠኑ ይሠራል፤ ለላስቲክ ግን አይሠራም። ላስቲክ መንገዱን የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የሞለኪውሎቹ ሰንሰለቶች ከመንገዱ ገጽ ጋር እየተጣበቁና እየተላቀቁ የሚፈጥሩት መያዣ ነው። ሁለተኛው ላስቲኩ በአስፋልቱ ጠጠሮች መካከል እየሰረገ ቅርጹን ሲለውጥና ሲመለስ የሚያባክነው ኢነርጂ ነው። ላስቲክ ከፊሉ እንደ ስፕሪንግ፣ ከፊሉ እንደ ማር ነው፤ ሲጨመቅ የወሰደውን ኢነርጂ ሁሉ አይመልስም፣ ጥቂቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ጠጠሩን ሲወጣ የገፋውን ያህል ሲወርድ መልሶ ስለማይገፋ፣ ልዩነቱ መንሸራተትን የሚቃወም ኃይል ሆኖ ይቀራል። መንገዱ ሲረጥብ የመጀመሪያው መያዣ በእጅጉ ይዳከማል፤ አብዛኛው ሸክም የሚወድቀው በሁለተኛው ላይ ነው።

ለምርጫ ዋናው ቁልፍ ከዚህ ይመነጫል። ላስቲክ ኢነርጂ በብዛት የሚያባክነው በአንድ በተወሰነ የሙቀት ክልል ውስጥ ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ እየደረቀ እንደ ብርጭቆ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ደግሞ እየላላ ይሄዳል፣ ቶሎም ያልቃል። አምራቾች ይህን ክልል ወደፈለጉት ያዛውሩታል። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጥሬ ላስቲክን ከድኝ ጋር በማሞቅ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ማስተሳሰር እንደሚቻል ከደረሰበት ጊዜ ወዲህ፣ የካርቦን ጥላሸት፣ ዘይት፣ ሙጫና ልዩ ልዩ ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች በቅይጡ ውስጥ ገብተዋል። ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ ባቀረበው ጎማ ከጥላሸቱ ብዙውን በሲሊካ ተካ። ሲሊካ በእርጥብ መንገድ ላይ መያዣውን እየጠበቀ፣ በቀጥታ ጉዞ ጊዜ የሚባክነውን ኢነርጂ ስለሚቀንስ ሁለቱን ተቃራኒ ፍላጎቶች በመጠኑ አስታረቀ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ልማድ እናንሣ። ብዙ ሰው ጎማ ሲገዛ በጣቱ ወይም በጥፍሩ ተጭኖ ይፈትናል፤ ለስላሳ ከሆነ ይቆነጥጣል ብሎ ያምናል። ነገር ግን ጣት ላስቲኩን የሚጫነው በዝግታ ነው። በመንገድ ላይ የአስፋልቱ ጥቃቅን ጉብታዎች ላስቲኩን በሰከንድ በሺዎች፣ ከዚያም በላይ ጊዜ ይመቱታል። በፍጥነት የሚመታ ላስቲክ ደግሞ ጠባዩ ከእውነተኛ ሙቀቱ በታች እንደ ቀዘቀዘ ላስቲክ ነው። ዊልያምስ፣ ላንደልና ፌሪ እ.ኤ.አ. በ1955 በቀመር ያስቀመጡት ይህንኑ የሙቀትና የድግግሞሽ ዝምድና ነው። በመሆኑም በጣት ሥር የለሰለሰ ጎማ በመንገድ ላይ የግድ ያዥ አይሆንም፤ ጠንከር ያለ የሚመስለውም አንዳንዴ ይበልጠዋል።

ስፋት ምን ይጠቅማል?

የዜድ 06 የኋላ ጎማ ስፋቱ 335 ሚሊ ሜትር ነው። ሰፊ ጎማ ሰፊ ንክኪ አለው ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ የንክኪውን ስፋት በአመዛኙ የሚወስኑት ጫናውና የአየሩ ግፊት ናቸው። 400 ኪሎ ግራም የተጫነውና 2 ባር አየር ያለው ጎማ፣ ጠባብም ሆነ ሰፊ፣ የሚነካው 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚለወጠው ቅርጹ ነው፤ በሰፊው ጎማ ንክኪው ወደ ጎን ይረዝማል፣ ወደፊትና ወደኋላ ያጥራል። አጭርና ሰፊ ንክኪ ወደ ጎን ሲገፋ ፈጥኖ ይመልሳል፤ ሙቀቱም በብዙ ላስቲክ ላይ ስለሚከፋፈል አምራቹ ይበልጥ ያዥ የሆነ ቅይጥ ለመጠቀም ይደፍራል። በሌላ በኩል የላስቲክ የሰበቃ ቁጥር ጫና ሲበዛበት ይቀንሳል፤ ጫናው እጥፍ ሲሆን መያዣው እጥፍ አይሆንም። ከባድ አውቶሞቢል በመታጠፊያ ላይ የሚቸገርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው

በአሜሪካ በሚሸጡ ጎማዎች ላይ ሦስት ደረጃዎች ታትመው ይገኛሉ። የመጀመሪያው የጥርሱን ዕድሜ የሚያመለክት ቁጥር ነው። ጎማው በቴክሳስ ሳን አንጀሎ አካባቢ በሚገኝ የሕዝብ መንገድ ላይ 11,600 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ አለቃቀሙ ከመነሻ ጎማ ጋር ይነጻጸራል፤ የመነሻው 100 ከሆነ 300 የተጻፈበት ሦስት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ነገር ግን ቁጥሩን የሚያትመው አምራቹ ራሱ ስለሆነ፣ የአንዱን ኩባንያ 300 ከሌላው 300 ጋር ማስተካከል አያስተማምንም። በአሜሪካ ብዙ የአማተር ውድድር ምድቦች ቁጥሩ ከ200 በታች የሆነ ጎማ አይፈቅዱም፤ ኩባንያዎችም ልክ 200 የተጻፈባቸው፣ ጠባያቸው ግን ወደ ውድድር ጎማ የቀረበ ጎማዎችን ማምረት ጀመሩ። ተማሪ ለፈተና ብቻ ሲያጠና እንደሚሆነው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ከድርብ «ኤ» እስከ «ሲ» የሚወርድ የመያዣ ፊደል ነው። ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት በዚህ ነው፤ ፊደሉ የሚለካው በእርጥብ መንገድ ላይ በቀጥታ መስመር ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። ስለ መታጠፊያም፣ ስለ ደረቅ መንገድም፣ በጥልቅ ውኃ ላይ ስለ መንሳፈፍም ምንም አይናገርም። ሦስተኛው ጎማው በፍጥነት ሲሽከረከር ሙቀትን የመቋቋም ደረጃው ነው። ከእነዚህ ውጪ የሚገኘው የፍጥነት ፊደልም መታየት አለበት፤ «ደብልዩ» እስከ 270፣ «ዋይ» እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅዳል።

ኮርቬት ዜድ 06ን ለምሳሌ የመረጥነው ፋብሪካው ራሱ ምርጫውን ለገዢው ስላቀረበለት ነው። መደበኛው ጎማ የሚሽሊን ፓይለት ሱፐር ስፖርት ነበር፤ ዜድ 07 የተባለውን የውድድር ሜዳ ጥቅል ለገዛ ደግሞ ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 ይገጠምለት ነበር። ሁለተኛው በሞቀ ደረቅ ሜዳ ላይ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ሆኖም ጥርሱ ጥቂትና ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ የሚያስወግደው ውኃ ትንሽ ነው፤ በቀዝቃዛ ማለዳ ደግሞ እስኪሞቅ ድረስ መያዣው ይዘገያል። የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ እንዲህ ያሉ ጎማዎች ሲታጠፉ ሊሰነጠቁ እንደሚችሉ አምራቾች ያስጠነቅቃሉ።

የውኃው ነገር ተጨማሪ ቃል ይገባዋል። የናሳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአውሮፕላን ጎማዎችን አጥንተው እንዳሳዩት፣ ላሽ የሆነ ጎማ በጥልቅ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ከአየር ግፊቱ ካሬ ሥር ጋር ይመጣጠናል። ግፊቱን በባር ወስደን ካሬ ሥሩን በ63 ብናባዛ ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር በሰዓት እናገኛለን፤ ለ2 ባር 90 ገደማ ይሆናል። የመኪና ጎማ ሰፊ ሲሆን ውኃውን ወደ ጎን ገፍቶ ለማስወጣት የሚፈጅበት ጊዜ ስለሚረዝም ቁጥሩ ይበልጥ ሊወርድ ይችላል። ጥርሱ እያለ ውኃው መውጫ አለው፤ ጥርሱ ባለቀ ጊዜ ግን 650 የፈረስ ጉልበት በውኃ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል።

ስለ አየር ግፊት ካነሣን፣ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገቡ መኪኖችን የሚመለከት አንድ ስሌት እንጨምር። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በጅቡቲ በ35 ዲግሪ ሙቀት 2 ባር የተሞላ ጎማ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ከፍታው ብቻውን ንባቡን በ0.25 ባር ያህል ከፍ ያደርገዋል። ነገር ግን የአዲስ አበባው አየር 18 ዲግሪ ከሆነ ቅዝቃዜው መልሶ ያወርደውና ንባቡ 2.1 አካባቢ ይሆናል። ሁለቱ ውጤቶች ሊጣፉ ምንም አይቀራቸውም፤ ይህ ግን መለካትን አያስቀርም።

ዕድሜ

ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ደኅና ነው የሚለው እምነት በተለይ ለኃይለኛ አውቶሞቢል አደገኛ ነው። እንዲህ ያሉት መኪኖች ብዙ ጊዜ ቆመው ስለሚውሉ ጎማቸው ሳያልቅ ያረጃል። ኦክስጅን በላስቲኩ ውስጥ እየገባ ሰንሰለቶቹን ያጠነክራል፣ ዘይቶቹም ይወጣሉ፤ ያ ኢነርጂ የማባከን ችሎታ ቀስ በቀስ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2013 በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላሪታ ተዋናዩ ፖል ዎከርና አሽከርካሪ ጓደኛው የሞቱበት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት ነበረው። መርማሪዎች በዋነኝነት ጥፋተኛ ያደረጉት ፍጥነቱን ነው፤ 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት በተፈቀደበት ቦታ ከ129 እስከ 150 በሚደርስ ፍጥነት ይነዳ ነበር። ከዚሁ ጋር ግን የመኪናው ጎማዎች ዘጠኝ ዓመት እንደ ሆናቸው ጠቅሰዋል።

ዕድሜውን ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ ከረዥሙ ኮድ መጨረሻ አራት አኃዞች ይገኛሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ቅናሽ የተደረገበት ጎማ ሲቀርብ ከዋጋው በፊት ይህን ማንበብ ይገባል።

እንግዲህ መኪናውን በየቀኑ፣ በዝናብም በቅዝቃዜም ለሚነዳ ሰው የእኛ ምርጫ ያለ ማመንታት የመጀመሪያው ዓይነት ጎማ፣ ማለትም ሰፊ የሙቀት ክልል ያለውና ውኃ የሚያስወግድ የበጋ ጎማ ነው። ለውድድር ሜዳ የሚሄድ ሰው በሁለተኛ ቸርኬ ላይ የተገጠመ ሌላ ጥንድ ጎማ ይኑረው፤ ውድ ቢመስልም ያዡ ላስቲክ በተራ መንገድ ላይ በከንቱ ስለማያልቅ ወጪው የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ከፊት አንድ ዓይነት፣ ከኋላ ሌላ ዓይነት ቅይጥ መግጠም ግን በማናቸውም ሁኔታ አይመከርም፤ በተለይ የኋላው ቀድሞ የሚለቅ ከሆነ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ይዞራል። አዲስ ጎማ ሲገጠም ደግሞ ከቅርጽ ማውጫው ብረት የቀረ ልስላሴ በገጹ ላይ ስለሚኖር፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በዝግታ መንዳት ያስፈልጋል።