ዝገት ብረትን ይበላዋልን?

ከካርቱም በስተ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዓባይ ዳር የምትገኘው ጥንታዊቷ መሮይ በአረ ብረት ጉብታዎቿ የታወቀች ናት። አረ ብረት ማዕድኑ በእሳት ሲነጠር የሚቀረው ዝቃጭ ነው። ለመሆኑ ብረት ለማግኘት ያን ያህል እሳት ማንደድ ለምን አስፈለገ?

ብረት በተፈጥሮ ብቻውን የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። የብረት አቶም ሁለት ወይም ሦስት ኤሌክትሮኖች ስለሚለቅ ከኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል። ሁለት የብረት አቶሞች ከሦስት የኦክሲጅን አቶሞች ጋር ሲዋሐዱ ሄማታይት የተባለው ቀይ ውሁድ ይገኛል። ከ10 ግራም ሄማታይት ውስጥ 7ቱ ግራም ብረት፣ 3ቱ ኦክሲጅን ነው። ውሁዱ ግን እንደ ብረት አይቀጠቀጥም፤ ማግኔትም እንደ ብረት አይስበውም። በመሮይ ምድጃዎች ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክሲጅኑን ከብረቱ ይነጥቅ ነበር። ከፊሉ ብረት ከሲሊካ ጋር ተዋሕዶ በአረ ብረቱ ውስጥ ቀርቷል።

ዝገት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብረቱ ወደ ኦክሲጅን ይመለሳል። ስለዚህ «ዝገት ብረትን በላው» የሚለው አነጋገር ተማሪን ሊያሳስት ይችላል። መምህሩ የድስት መፈግፈጊያ ቀጭን የብረት ሽቦ (የማይዝገው ዓይነት አይሁን) በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ ይመዝን። በውኃ አርሶ ጥቂት ቀናት ካቆየው በኋላ ዝገቱን ሳያራግፍ አድርቆ እንደ ገና ይመዝነው። ክብደቱ ጨምሮ ይገኛል። የጨመረው ከአየር የመጣው ኦክሲጅንና ዝገቱ የያዘው ውኃ ነው። ተማሪው የውሁድን ትርጉም በቃል ከማጥናት ይልቅ በሚዛን ያየዋል።