የጂን ምርመራ በሕይወት ያለውን ተህዋስ ከሞተው እንዴት ይለያል?

መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሕክምና በመከታተል ላይ የሚገኝ ሕመምተኛ አክታ ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ሲመረመር «ተህዋሱ ተገኝቷል» የሚል ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ተህዋሱ ግን በመድኃኒቱ ኃይል ሞቶ ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ምርመራ በሽታውን ለመለየት እንጂ የሕክምናን ውጤት ለመከታተል እንዳይውል ይመክራል።

ጉዳዩ ከደሴ ከተማ በስተሰሜን ለሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንግዳ አይደለም። በሥጋ ደዌና በሌሎች የቆዳ ሕመሞች ሕክምና የሚታወቀው ይህ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕሙማን ከሚታከሙባቸው የአማራ ክልል ሆስፒታሎች አንዱ ነው።

የምርመራው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካዊው ካሪ ሙሊስ የተፈለሰፈው ፒሲአር ነው። አንድ የዲኤንኤ ቁራጭ በየዙሩ እጥፍ እየሆነ ይባዛል፤ ከ20 ዙር በኋላ አንድ ሚሊዮን፣ ከ30 ዙር በኋላ ደግሞ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይደርሳል። በማይክሮስኮፕ ለመታየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ተህዋስያን ሲያስፈልጉ፣ የመጀመሪያው የጂን ኤክስፐርት ካርትሪጅ ግን 130 ያህል ሲኖሩ ያገኛቸዋል። ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዳቸውንም አርፒኦቢ ከተባለው ጂን ለውጥ በመነሳት በሁለት ሰዓት ገደማ ያሳውቃል።

ችግሩ ዲኤንኤ ጠንካራ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ከሞተ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሳይፈርስ ይቆያል፤ መሣሪያውም የሞተውንና ያልሞተውን ሳይለይ ያባዛል። ዲኤንኤ መኖሩን ማወቅ በመዝገብ ቤት መመሪያ መኖሩን እንደማወቅ ነው፤ መመሪያው ሥራ ላይ ስለመዋሉ የሚናገረው ወደ ሥራ ክፍሉ የተላከው ግልባጭ ነው። በህዋስ ውስጥ ግልባጩ አርኤንኤ ይባላል። አንድ ጂን ሥራ ሲጀምር አርኤንኤው ይዘጋጃል፤ ህዋሱ ሲሞት ደግሞ በአብዛኛው ከዲኤንኤው ቀድሞ ይፈርሳል።

ፒሲአር የሚያባዛው ዲኤንኤን ስለሆነ አርኤንኤ በቅድሚያ በኢንዛይም አማካኝነት ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል። ይህ አሠራር ለአገራችን ላቦራቶሪዎች አዲስ አይደለም። በ2012 ዓ.ም ኮቪድ-19 ወደ ኢትዮጵያ በገባበትና የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሕክምና ማዕከል በሆነበት ወቅት የቫይረሱ ምርመራ የተካሄደው በዚሁ መንገድ ነበር።

ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ ወደ አንድ ነጠላ ህዋስ አውርደውታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን ከአይጥ ጽንስ የተወሰደን አንድ ህዋስ አርኤንኤ አባዝቶ በማንበብ በርካታ ሺህ ጂኖች ሥራ ላይ መሆናቸውን አሳይቷል። በአንድ የሰው ህዋስ ውስጥ ያለው ጠቅላላ አርኤንኤ ከ10 እስከ 30 ፒኮግራም ገደማ ሲሆን፣ አንድ ፒኮግራም የአንድ ግራም ትሪሊዮንኛ ክፍል ነው። የጂን መልእክት የሚያደርሰው ደግሞ የዚህ ጥቂት በመቶው ብቻ ነው። ሳይባዛ ሊነበብ አይችልም።

የነጠላ ህዋስ ምርመራ ጥቅም ግልጽ ነው፤ የአንድ ወረዳ አማካይ ምርት ዝናብ ያጣውን ማሳ አያሳይም። ከአንድ ሳንባ የተወሰዱ ህዋሳትም ተቀላቅለው ሲመረመሩ የቲቢን ተህዋስ የሚገድለውና መጠጊያ የሚሆንለት ህዋስ አይለዩም። ይሁንና ማባዛት ስህተትንም ያባዛል። በመጀመሪያው ዙር ሳይገለበጥ የቀረ መልእክት ፈጽሞ እንዳልነበረ ሆኖ ይቀራል። ተመራማሪዎች ከማባዛታቸው በፊት በእያንዳንዱ ግልባጭ ላይ መለያ ምልክት ማድረግ የጀመሩት አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ ላለመቁጠር ነው።

የነጠላ ህዋስ ምርመራ ውድ በመሆኑ በዋነኛነት የምርምር መሣሪያ ነው። በሕይወት ያሉ የቲቢ ተህዋስያንን በአርኤንኤ የሚለኩ ዘዴዎች ቢሠሩም በሕክምና ክትትል የዘወትሩን ምርመራ አልተኩም። ሕመምተኛው መዳኑን የሚያረጋግጠው ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንታት የሚወስደው የአክታ ካልቸር ምርመራ ነው፤ በካልቸር የሚያድገው በሕይወት ያለ ተህዋስ ብቻ ነውና። በመሆኑም የጤና በጀት ሲዘጋጅ ጂን ኤክስፐርት መኖሩ የካልቸር ላቦራቶሪንና የአክታ ናሙና ማጓጓዣን ወጪ አያስቀርም። መሣሪያው ራሱም አስተማማኝ ኤሌክትሪክ፣ በየዓመቱ የሚደረግ ልኬትና ከ2 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት የተቀመጠ ካርትሪጅ ይፈልጋል።