ከጅዳ ተደውሎ በ09 የገባው ጥሪ

ማታ ነው፣ ሐይቅ ከተማ። የአንዲት እናት ስልክ ይጮኻል። በ09 የሚጀምር፣ የማያውቁት ያገር ውስጥ ቁጥር ነው።

«ሀሎ፣ እማ! እኔ ነኝ።»

«ውይ የኔ ልጅ! አገር ገባሽ እንዴ?»

ልጅቱ ያለችው ጅዳ ነው፤ የትም አልሄደችም። ከሐይቅና ከአምባሰል ብዙ ወጣት ወደ ዐረብ አገር ስለሚሄድ እንዲህ ያለው ግርታ ብርቅ አይደለም።

ምስጢሩን ለማግኘት ከሚስኮል መነሣት ይሻላል። ስልክ ሲደወል «እገሌ ይፈልግሃል» የሚለው ምልክት ይቀድማል፤ ድምፅ የሚከተለው ስልኩ ሲነሣ ነው፤ ሂሳብም የሚቆጥረው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ያለው፣ የደዋዩ ቁጥር ሳይቀር፣ በነፃ ያልፋል። አንዴ ጠርቶ ቢዘጋ «ብሩ ደርሷል»፣ ሁለቴ ቢጠራ «ደውዪልኝ» ብለው የተስማሙ እናትና ልጅ ሳንቲም ሳያወጡ ተነጋግረዋል። በ*807* የሚላከው የኢትዮ ቴሌኮም «መልሰው ይደውሉልኝ» አገልግሎትም ይህንኑ ልማድ መልእክት ያደረገ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ነገሩን ንግድ አደረጉት። የስልክ ታሪፍ ከሚወደድበት አገር ያለ ደንበኛ አሜሪካ ወዳለ ቁጥር ሚስኮል ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩ መልሶ ይደውልና የአሜሪካን መስመር ይሰጠዋል። ኮልባክ ይባላል፤ የእናቶቻችን ሚስኮል ሱፍ ለብሶ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 761/2004 ግን በእኛ አገር ወንጀል አድርጎታል።

የሐይቋን እናት ያሳሳታቸው ሌላ ነው፤ ሲም ቦክስ። ከውጭ ለሚገባ ጥሪ ተቀባዩ አገር ያለው ኦፕሬተር በየደቂቃው ይከፈለዋል። ይህን ክፍያ ለመሸሽ ድምፁን በኢንተርኔት አምጥተው ብዙ ሲም ካርድ ወደተሰካበት ሣጥን ያስገቡታል። ከሲሞቹ አንዱ እንደ ማንኛውም የሠፈር ስልክ ሐይቅ ይደውላል። ልጅቱ ርካሽ የጥሪ ካርድ ገዛች እንጂ ይህን ላታውቅ ትችላለች፤ ጥሪው በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነው ሻጩ ነው።

በሣጥኑ በኩል የሚመጣ ጥሪ ድምፁ የሚጎረብጠውም ለዚህ ነው። መደበኛው መስመር ለአንድ ድምፅ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይመድባል፤ በኢንተርኔት ሲላክ እስከ 8 ሊጨመቅ ይችላል። በአንድ ሰው ቦታ ስምንት ሰው ተጫነ ማለት ነው! ሣጥኑ ደርሶ ይፈታና ለሞባይሉ እንደገና ይጨመቃል። መዘግየቱ ከ150 ሚሊሰከንድ በብዙ ሲያልፍ ደግሞ እናትና ልጅ እየተደራረቡ ይናገራሉ፣ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ፣ ከዚያ «ሀሎ? ሀሎ?» ይመጣል።

ሣጥኑን የሚያጋልጠው ጠባዩ ነው። ቀኑን ሙሉ ይደውላል፤ ማንም አይደውልለትም፤ ከአንድ የኔትወርክ ማማ ሥር ንቅንቅ አይልም። የሰው ስልክ እንዲህ አይውልም።

ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 የኢንተርኔት ጥሪን ስትፈቅድ ለእነ ኢሞ በሩ ሰፋ። በቁልፍ ስልክ ለሚጠብቁ እናት ግን ኢሞ አይደርስም። ስለዚህ ዐረብ አገር ያለች ልጅዎ በ09 ብትደውልልዎ ቁጥሩን በስሟ አይመዝግቡት። መልሰው ቢደውሉ እሷን አያገኟትም።