ጊዜያችንና ምስጢራችን በአንድ ገበያ

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲወራ ሁለት ስጋቶች ለየብቻ ይነሳሉ፤ የግል መረጃ ከባለቤቱ እጅ መውጣቱና ተጠቃሚው ከስልኩ መላቀቅ አለመቻሉ። ሁለቱም ግን የሚመነጩት ከአንድ የንግድ አሠራር ነው። ፌስቡክንና ኢንስታግራምን የያዘው ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 135 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ ያገኘ ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ማስታወቂያው ዋጋ የሚያወጣው ለማን እንደሚታይ ሲታወቅ ነው፤ ስለዚህ ሰው ምን እንደወደደ፣ የትኛው ቪዲዮ ላይ እንደቆየ፣ የቱን እንዳለፈ ይመዘገባል። ብዙ በቆየ ቁጥር በደንብ ይታወቃል፤ በደንብ በታወቀ ቁጥር ደግሞ የሚያቆየውን መርጦ ማቅረብ ይቀላል።

የከፋው ነገር አንዱ በሌላው ምስጢር ላይ መፍቀዱ ነው። ከፖለቲካ አማካሪው ኩባንያ ከካምብሪጅ አናሊቲካ ቅሌት በስተጀርባ የነበረውን የስብዕና መጠይቅ መተግበሪያ የጫኑት 270 ሺህ ያህል ሰዎች ነበሩ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳመነው ግን መረጃቸው ሳይወሰድ ያልቀረው እስከ 87 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ መተግበሪያው የጫኚውን ወዳጆች መረጃ ጭምር ይሰበስብ ነበርና። ዛሬም የስልክ ማውጫውን ለመተግበሪያ የሚከፍት ሰው የዘመድ ወዳጁን ቁጥር ሳያስፈቅድ አብሮ ይሰጣል።

በግል መረጃ አያያዝ ጥፋት የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ፌስቡክን 5 ቢሊዮን ዶላር፣ የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ሜታን 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥተዋል። በእኔ እምነት ቅጣቶቹ የገቢውን ሥር አልነኩም። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ ቁጥጥሩ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል።

ብዙዎቻችን ምስጢር ጠባቂ አድርገን የምናየው ቴሌግራም እንኳ መደበኛ መልእክቶችን በራሱ ሰርቨሮች ላይ ያስቀምጣል። ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የሚቆለፈው ለብቻው የሚከፈተው የምስጢር ውይይት ነው፤ ግሩፖች ይህ የላቸውም። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠርጣሪዎችን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ እንደሚሰጥ አሳውቋል።

ታዲያ ከእነዚህ መተግበሪያዎች ለምን አንወጣም? ጥገኝነትን ሁሉ ከሱስ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። እርግጥ በማያ ገጹ የሚታየው ነገር ማለቂያ እንዳይኖረው ተደርጎ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ ልጆችና ወጣቶችም ዋጋ እየከፈሉበት ነው። ሆኖም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እናት ልጇን የምታየው በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ነው። አዲስ አበባ ልብስ የምትሸጥ ወጣት ደንበኞቿ ያሉት በቴሌግራም ቻናሏ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «ስልክሽን ዝጊ» ማለት ከልጅሽ ተለያዪ፣ ሱቅሽን ዝጊ እንደማለት ነው።

ሕግ ሊያግዝ የሚችለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሰው ወዳጆቹን ሳያጣ መተግበሪያ መቀየር እንዲችል። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ዋትስአፕ ከሌሎች የመልእክት መተግበሪያዎች ጋር እንዲገናኝ ያስገድዳል። ግዴታው ግን የሚሠራው በአውሮፓ ላሉ ተጠቃሚዎች ነው፤ ከአዲስ አበባ ቤይሩት ለሚደውል ቤተሰብ አልደረሰም።